«ግፉ!» ባዩ ግፈኛ

አሶሳ ውስጥ ማንጎ ጥላ ስር ሻይ የያዘ ሁሉ መካኒክ ነው። የመካኒኮቹ ሊቀ መንበር ደግሞ አንተ ነህ፤ ከመንበርህ ተነሥተህ ስለማታውቅ። «ሃይብሪድ መንገድ ላይ አያስቀርም» ትላለህ። ስኳርህን እያማሰልክ ትጨምራለህ፦ «ቢቀርስ? አንድ አይሱዙ፣ አንድ ገመድ፣ ሦስት ጎረምሳ!» እናንተ ዙሪያውን የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉ። እሱ መኪና እስኪጎትት እኛ ጆሮውን እንጎትትለት።

«ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው ይነዳል» አይደል ያልከው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሁለት ሞተር ያለው መኪና ለመበላሸትም ሁለት በር አለው። የቤንዚኑ ወገን «ዘይት፣ ካንዴላ» ይላል። የኤሌክትሪኩ ወገን «ባትሪ፣ ኢንቨርተር» ይላል። ሁለት አማት የገቡበት ቤት በለው፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ታኮርፋለች። ደግሞ ሁለቱም ደህና ሆነው የሚያስቆምህ ሦስተኛ አለ። ስሙን ስትሰማ ሻይህ ትን ይልሃል። ቆይ፣ እንደርስበታለን።

ፕለግ ኢን ሃይብሪድ፣ ባለ ሶኬቱ ማለት ነው፣ ቻርጁ ሞልቶ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው ባብዛኛው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባምባሲን በሶኬት ታልፍ ይሆናል፤ እሰይ። ከዚያ ወዲያ መንዲ፣ ነጆ፣ ጊምቢ፣ ነቀምቴ፣ አምቦ እያልክ የምትጨርሰው በቤንዚን ነው። ቤንዚን የጠፋ ለታ ደግሞ እናውቅሃለን። ኃይል በደጅህ፣ ሃይላንድ በእጅህ!

«ምን ቸገረኝ፣ ግድቡ ክልላችን ውስጥ ነው» አልክ። አቤት ድፍረት! ግድቡ ያለው ጉባ፣ አንተ ያለኸው ጉባኤ! ጉባ መተከል ነው፤ ከአሶሳ ተነሥተህ እዚያ ለመድረስ አባይን ትሻገራለህ። መኪናህ ግን የዳቡስን ወንዝ እንኳ ሳትሻገር ቆማለች። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ የተጣለው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ መብራቱን በ500 ኪሎ ቮልት ወደ ሆለታ ይሸኛል። አንተ «ኪሎ» ሲባል ማንጎ የሚመዘን መስሎህ «ከመስመሩ ትንሽ ቆንጠር ብናደርግስ?» ትላለህ። ቆንጥር! እኛ ከሩቅ ፎቶ እናነሣሃለን። ሆለታ እኮ በአንተው መንገድ ላይ ናት። አንተ ዳቡስ ዳር ጎማ በእርግጫ ስትመታ የክልልህ መብራት ቀድሞህ አዲስ አበባ ገብቶ እንጀራ ይጋግራል። «ቦንድ ገዝቻለሁ» ደግሞ እንዳትለን። ቦንድ ለገዛ ሁሉ በየመንገዱ ሶኬት ይተከል ቢባል ከሶኬቱ ብዛት መንገዱ በጠፋ ነበር።

«ታዲያ ይጎተታ!» እሺ፣ ወደ ገመዱ እንምጣ። (ገመዱ ጠዋት ፍየል የታሰረችበት ነው። ፍየሏ አሁን የሰው ማሳ ውስጥ ናት፤ የእሷ ሒሳብ ለብቻው ይታሰባል።) የድሮዋ ባለ ማርሽ መኪና ኒውትራል ስትገባ ሞተሯና ጎማዋ ይለያያሉ። ባለ ሶኬቱ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ሞተሩና ጎማው ባብዛኛው በጥርስ እንደተነካከሱ ነው የሚኖሩት። ኒውትራል ብትለው መኮራረፍ ነው እንጂ ፍቺ የለም። ጎማው በዞረ ቁጥር ሞተሩ ይዞራል። ሞተሩ ሲዞር ፈቃድህን ሳይጠይቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያም ኤሌክትሪክ መድረሻ ሲያጣ ንዴቱን ኢንቨርተሩ ላይ ይወጣል። ካምቢዮው ደግሞ ዘይት የሚረጭለት ፓምፕ ስለቆመ በደረቁ ይፋተጋል። አንተ ከፊት አይሱዙ ውስጥ ተቀምጠህ ታፏጫለህ፤ ከኋላ ደመወዝህ ይጠበሳል።

«እንዴ! ካመነጨማ እየተጎተተ ቻርጅ ይሆናላ!» ኧረ ስሙት! እስቲ አንድ ጊዜ ይድገመውና በደንብ ስሙት! ጉባ ላይ 13 ተርባይን አለ። «መቆጣጠሪያውን አጥፉት፣ ውኃውን ልቀቁበት፣ የፈለገውን ይሁን» የሚል መሐንዲስ አይተህ ታውቃለህ? አንተ ብትቀጠር ግን በመጀመሪያው ቀን ትለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተርባይኑን በፍየል ገመድ ታስጎትት ነበር።

ይሄ አልሠራ ሲል «ግፉ!» መጣ። አንተ ሁልጊዜ ግፉ ባይ ነህ፤ ገፊ ሆነህ ያየህ የለም። ገፍቶ ማስነሣት ፍሪሲዮን ላለው መኪና ነው። እዚህ ፍሪሲዮን የሚባል ፔዳል የለም፤ አንተ የምትረግጠው እውነትን ብቻ ነው። ጎረምሶቹ እስከ መንዲ ቢገፉት የሚነሣው የወገብ ሕመማቸው ነው። መግፋትስ ይሁን፤ ይሄ ግን ግፍ ነው።

አሁን ሦስተኛውን ላምጣልህ። ሻይህን አስቀምጥ። ከትልቁ ባትሪ ሌላ መኪናዋ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። በር የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ የእጅ ፍሬኑን የምትለቀው፣ ትልቁን ባትሪ «ና ሥራ ጀምር» ብላ የምትጠራው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ታንከሩ ቤንዚን ጠጥቶ፣ መኪናዋ ድንጋይ ናት። «ባትሪ አላችሁ?» ብሎ ሲጮህ ደርሰን አየነው። አንዱ የዋህ የእጅ ባትሪ አመጣለት። ጀግናችን እሱንም ሊያገናኝ ሞከረ።

ከዚያ ሲኖ መጣ። «የሲኖው ባትሪ ጉልበት አለው!» አልክ። አዎ አለው፤ 24 ቮልት! 12 ለለመደ አንጀት 24 ቀድተህለት ኮምፒውተሩን በአንድ ጉንጭ አሰናበትከው። ልታስነሣ ሄደህ ቀበርክ። መላው ግን አጠገብህ ነበር። አብዛኞቹ ሃይብሪዶች ከትንሿ ባትሪ የሚፈልጉት መቀስቀስ ብቻ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ትልቁ ባትሪ ነው። ስለዚህ የአንዲት ቪትዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በወጉ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሳይዛነቅ ከተገናኘች ትበቃለች። ቪትዟ አልፋህ ስትሄድ ግን «ይቺ ቆርቆሮ!» ብለህ ስቀህባታል። ቆርቆሮዋ አሁን ጊምቢ ደርሳ ምሳ እየበላች ነው።

ኮፈን ልክፈት አትበል! ኮፈን የከፈትክ ቀን ከፈን ያስፈልግሃል። እዚያ ውስጥ ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ ታያለህ። ብርቱካን አይደለም፣ የአሶሳ ማንጎም አይደለም፤ አይላጥም። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድበት ነው። ካራ ይዘህ የቀረብከው ምሳህ መስሎህ ይሆናል፤ ምሳው ግን አንተ ነህ።

መንግሥት ጥር 2016 ላይ «ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም» ካለ ወዲህ ቻይና ሠራሹ በርክቷል። ለቻይና ገበያ የተሠራውን ከነቋንቋው የገዛም ሞልቷል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አንተ መነጽርህን አጠለቅክ። «ምን ይላል?» አሉህ። «ትንሽ ትረፍ ይላል» አልክ። ማን ይረፍ? አንተ ነህ ማረፍ ያለብህ! በአማርኛ «ገመድ አትሰር» ሲባል ያልገባህ ሰው በማንዳሪን ልትመክረን! «የድረሱልኝ ቁልፍ አለው፣ ልጫነው» አልክ። ተጫነው። ቤጂንግ ያለችው ልጅ ስልኩን ብታነሣስ «ባምባሲ መገንጠያ» የሚለውን በምን አፍህ ልታስረዳት ነው?

«ኢንሹራንስ አለኝ!» ብለህ ደግሞ ደረትህን ነፋህ። መስታወትህ ላይ የለጠፍከው እኮ ሦስተኛ ወገን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታህ የሆነው። እሱ የሚክሰው መኪናህ የጎዳችውን ሌላ ሰው ነው። አንተ አንደኛ ወገን ነህ፤ በወሬ ደግሞ አንደኛ! ለጎታች የሚከፍል ውል የፈለገ ሙሉ ሽፋን ሲገባ «መጎተቻ አለበት ወይ? እስከ ስንት ብር? በሎቤድ ነው በገመድ?» ብሎ ይጠይቃል። አንተ የጠየቅከው «ካላንደር አላችሁ?» ብለህ ነው።

ሎቤድ አልኩ፤ መኪና በጀርባው የሚጭነውን። ይህችን መኪና የሚያነሣት እሱ ነው፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ለቆ። በፊት ጎማ ብቻ የምትነዳ ከሆነች የፊቱን አንሥቶ የኋላውን ማንከባለል ይቻል ይሆናል፤ አራቱም የሚነዱ ከሆነ ግን ሎቤድ ነው፣ ሎቤድ ነው፣ ሎቤድ ነው። ሦስቴ የደገምኩት ላንተ ነው። እኛ «ሎቤድ ጥራ» ስንልህ ምን አደረግህ? መንዲ ደውለህ አልጋ ያዝክ! ያውም ባለ ሁለት። «ረዳት ጥራ» ስንልህ ደግሞ የአይሱዙውን ረዳት ጠራህ።

ሎቤድ በሌለበት ሀገርስ? የመንገዱ ሾፌሮች ካንተ ይሻላሉ። ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ይፈልጋሉ፣ ቂጡን ከአፈር ቁልል ጋር ያገጥማሉ፣ ትንሿን ባትሪ ቀስቅሰው ፍሬኑን ያስለቅቃሉ፣ መኪናዋን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ያስገባሉ፣ ጎማ ጎማዋን ጠፍረው ያስራሉ። ገመድ ሥራው ይሄ ነው፤ ማሰር! በአፈሙዟ ላይ የሚጠለቀው የመሳቢያ ቀለበትም ኮርቻው ስር፣ ይቅርታ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ስር አለ። ቻይናዎቹ ሸሽገውት አይደለም፤ አንተ በላዩ አንድ ኩንታል ከሰል ጭነህበት ነው።

ከሰሉን አወረድን። ቀለበቱን አገኘን። ስኮርታውን ስንፈልግ የለም። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች ትርፍ ጎማ ይዘው አይመጡም፤ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ነው የሚሰጡህ። «ያለ ትርፍ መኪና ምን መኪና ነው!» ብለህ ልትቆጣ አፍህን ከፈትክ። ተው፣ ትራፊክ ቢሰማህ ቅጣቱን አንተው ላይ ነው የሚጽፈው። ትርፍ ጎማ ባይኖራትም ትርፍ ሰው አላት። ውረድ!