ጠላ ለቀንድ አውጣ

ሰው «አንቱ» ሲለኝ መደንገጥ ካቆምኩ ቆይቷል። ቅዳሜ ጠዋት ግን «አንተ ልጅ» ነኝ። በሲያትል ደቡብ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ አለ፤ ከጎኑ ካለው የጋራ አትክልት ቦታ ስደርስ ሰላምታው ሳያልቅ ባልዲ ያስይዙኛል። በመዝገብ «በጎ ፈቃደኛ» ተብያለሁ፤ ሥራው ግን ተላላኪነት ነው።

አዛዦቼ ሦስት ናቸው። ጋሼ በኦክላሆማ መምህራን ዘመን ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረዋል። «አሜሪካኖች ሐረርጌ ድረስ መጥተው አስተማሩኝ፤ እኔም እዚህ ድረስ መጥቼ ብድራቸውን እየመለስኩ ነው» ይላሉ። ሻለቃ የጎመኑን መስመር በሲባጎ ያስለካሉ፤ ከሰልፍ የወጣ ችግኝ ይነቀላል። እማማ ኮሌጅም ጦር ሰፈርም አልረገጡም፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚበቅለው ግን የሳቸው ነው።

መደቦቹ በጣውላ ተከበው ከፍ ያሉ ናቸው፤ በምርኩዝ የቆመም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሳያጎነብስ እንዲኮተኩት። ደግ ሐሳብ ነው። ብቻ አፈሩ ወደዚያ በራሱ አይወጣም።

በከተማዋ እንዲህ ያሉ ቦታዎች «ፒ-ፓች» ይባላሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. የፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ተጀምረው «ፒ»ዋን ከዚያው ቤተሰብ ስም ወሰዱ፤ ዛሬ 90 ገደማ ደርሰዋል። ወረፋቸው ረጅም ነው። እማማ ሰማንያን ካለፉ ወዲህ ሁለተኛ መደብ አማራቸውና ለመመዝገብ ሄዱ። ሠራተኛዋ አንጀቷ እየተላወሰ «ዓመታት ሊፈጅ ይችላል» ስትላቸው፣ «ታዲያ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» አሏት።

የአዛዦቼ ትልቁ ጠብ ከሰማዩ ጋር ነው። ሲያትል በዝናብ ስሟ የወጣ ከተማ ናት፤ ዝናቧን ግን በብርዱ ወራት ጨርሳ ሐምሌና ነሐሴን ደረቅ አድርጋ ታልፋለች። «በሐምሌ ውሃ ማጠጣት በእግዜር ሥራ ጣልቃ መግባት ነው» ይላሉ እማማ። ስለዚህ የሚያጠጣው፣ ኃጢአቱንም የሚሸከመው፣ እኔ ነኝ።

ያም ሆኖ ጎመኑ አማረ፤ በሶብላው ሸተተ። ይኼኔ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ መጣ። ሌሊት ይበላል፣ ጠዋት የለም። የኬሚካል መርዝ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው። የአገሩ አትክልተኛ መላው ቢራ ነው፦ በዝርግ ዕቃ ቀድቶ መደቡ ውስጥ መቅበር፤ ቀንድ አውጣው የእርሾው ሽታ ስቦት ይመጣና ገብቶ ይሰምጣል።

«ለሱ ነው ቢራ የሚገዛው?» አሉ እማማ። «ጌሾ አለኝ።»

ጠላው የደረሰው በጋራ ሥራው ቅዳሜ ነበር። በፒ-ፓች ደንብ መደብ ያለው ሁሉ ለጋራውም መሥራት አለበት፤ የኛዎቹ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፣ ደቦ ነው። ደቦ ባለበት ደግሞ ጋን ሞልቶ ለቀንድ አውጣ ብቻ አይቀመጥም። ጋሼ «ከመሰጠቱ በፊት ናሙና ይመርመር» አሉ። ሻለቃ የምርመራው ውጤት ይረጋገጥ አሉ። ቬትናማዊቷ ጎረቤት ቋንቋውን ባትሰማም ጉዳዩ ገብቷት ብርጭቆዋን ይዛ መጣች። ሲመሽ ለቀንድ አውጣዎቹ የተረፈው አተላ ነበር።

«ግድ የለም፣ እርሾው ያለው እሱ ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ፤ ሳይንሱ በዚህ አያማቸውም። በማግስቱ ዕቃው በሬሳ ተሞልቶ ተገኘ።

እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲታዘዙ ይውላሉ፦ ክኒን ይዋጡ፣ ክንድዎን ይዘርጉ፣ ጨው ይቀንሱ። ልጆቻቸውም በስልክ ያዝዟቸዋል። አትክልቱ ጋ ሲወጡ ግን ተራው የእነሱ ነው፤ ጎመኑም እኔም ትእዛዝ እንጠብቃለን። ሐኪም ያልጻፈው መድኃኒት ይህ ይመስለኛል፤ ዋጋው ወገቤ ነው።

በጥቅምት ነጭ ሽንኩርት ተከልን፤ ብርዱን አፈር ውስጥ አሳልፎ በሐምሌ ይነቀላል።

«ማን ሊነቅለው ነው?» አልኩ፣ እሾህ ቢጤ ነገር ጣል አድርጌ።

እማማ ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እኛ እንኖራለን» አሉ። «የሚያሳስበን አንተ ነህ፤ ስኳርህን ተመርመር።»