አልጋ ሳይዙ ሐዋሳ

ሐዋሳ አልጋ ሳይያዝ የሚኬድባት ከተማ ናት። ለዚህ ልማድ አንዱ ምክንያት ርቀቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ተነሥቶ ለእራት ለመድረስ ይመቻል፤ ለማቀድ ግን አይበቃም። ጉዞው በአንድ የስልክ ጥሪ ይወሰናል። ሞጆ፣ መቂና ባቱ እስኪታለፉ ወሬው ሁሉ ስለ ዓሣ ነው። «ማደሪያስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ሻሸመኔ ከታለፈ በኋላ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነው። ከመኪናው ውስጥ አንዱ ሁልጊዜ መልስ አያጣም፦ «ሐዋሳ ሰው አለኝ።» ይህ ሰው ስልኩን አያነሣም።

በኢጣሊያ የሥነ ጥበብ ከተሞች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሚላኖ የሚገኘውን የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ለማየት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ተራው የደረሰው ጎብኚም ከሥዕሉ ፊት የሚቆየው 15 ደቂቃ ነው። ቬኒስ በ2024 እ.ኤ.አ. በተጨናነቁ ቀናት ለውሎ ብቻ የሚመጡትን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። እዚያ ቀጠሮ የሚያዘው ለማየት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ፣ የታቦር ተራራና ዛፍ ላይ የሚዘለው ጉሬዛ ግን «ቀድመህ ቦታ ያዝ» አይሉም። እዚህ ቀጠሮ የሚጠይቀው መተኛት ነው።

አልጋ የሚጠፋባቸው ቀናት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናቸው የታወቀ ነው፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። በሁለቱም ቅዱስ ገብርኤልን ለማክበር ምእመናን ከየአገሩ ወደ ሐዋሳ ይጎርፋሉ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም፤ ያም ሆኖ በዋዜማው ሻንጣውን አንጠልጥሎ «ዛሬ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። ስለት ይዞ የመጣው ማደሪያ ቢያጣም ነጠላውን ተከናንቦ በጸሎት ያነጋል፤ ለመዝናናት የመጣው ግን ስለት መሳል የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቀኑ ከሰማይ የሚጠበቅ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ዕለቱን የሚቆርጡት ግን አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች የከዋክብትን አካሄድ መርምረው ነው። በሲዳማ አቆጣጠር ሳምንቱም አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ። ቅዳሜና እሑድን ቆጥሮ የሚመጣ እንግዳ በዚህ ሳምንት ውስጥ ዕረፍቱን የሚያስገባበት ቀዳዳ አያገኝም። አልጋ የሚያዘው በቀን ነውና፣ ቀኑ እስኪታወጅ ሆቴሉም እንግዳውም እኩል አንጋጠው ይጠብቃሉ። ሲታወጅ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደውላል። ደግነቱ በፊቼ ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ ከቀረበበት ቤት የደረሰ እንግዳ አልጋ ቢያጣ እንኳ ጦሙን አያድርም።

ሦስተኛው ዓይነት ሥልጠና ነው። በዓል በሌለበት ሳምንት አዳራሹንም አልጋውንም የሚይዘው እሱ ነው። ሠልጣኙ ክፍሉ በደብዳቤ ተይዞለት፣ አበሉ ተሰልቶለት፣ ስሙ የተጻፈበት ባጅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይገባል። ሐዋሳን በኢጣሊያ ደንብ የሚጎበኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሐይቁን የሚያየው ግን በሻይ ሰዓት ነው።

አልጋ ፍለጋ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ይጠየቃሉ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ገና ሻንጣውን ስታይ «ሞልቷል ጋሼ» ትላለች። ቀጥሎ ፒያሳ ይሞከራል። እዚያ አንድ ክፍል ይገኝና «ውድ ነው» ተብሎ ይተዋል። ከዚያ ፔንሲዮኖቹ በተራ ይንኳኳሉ፤ የባጃጅ ሾፌሩም ሳይጠየቅ ደላላ ይሆናል፤ «አልጋ ነው? ይግቡ፣ አውቃለሁ» ይላል። የሚያውቀው ሁሉ መሙላቱን እንግዳው በየበሩ ሒሳብ እየከፈለ ይረዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የፒያሳው ዋጋ ርካሽ ሆኖ ይታየዋል። ሲመለስ ተይዟል። የመጨረሻው አማራጭ ወንዶ ገነት ወይም ያቺው ሲያልፍ ዘወር ብሎ ያላያት ሻሸመኔ ናት።

በስልክ አልጋ የያዘ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። በቃል የተያዘ አልጋ ጥሬ ብር ይዞ በር ላይ ለቆመ ሰው ይሰጣል፤ አልጋን በእርግጥ የሚይዘው ቀብድ ነው። ችግሩ «ቀብድ ልላክ?» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ምን ችግር አለ፣ ሲቀርቡ ይደውሉ» መሆኑ ነው። እንግዳው ሲቀርብ ይደውላል። የቀረቡት ሁሉ በዚያው ሰዓት ይደውላሉ።

ሌሊቱ እንደምንም ካለፈ፣ ማለዳው የያዘውንም ያልያዘውንም እኩል ያስተናግዳል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ በየመደቡ ይዘረገፋል፤ ልጆች ቅርፊቱን ይገፍፋሉ፤ ጥሬው በዳጣ፣ ጥብሱ በቃሪያ ይቀርባል። ጾም ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አብሮ ይቀርባል፤ ክርክሩ የሚቋጨው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል የሚደርሰው አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንደ አገር ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ጦጣዋም ተራ አትጠብቅም፤ ሙዙን ከእጅ ትነጥቃለች። ጀልባ ነጂው ሕይወት አድን ጃኬቱን እያቀበለ ጉማሬ ለማሳየት ቃል ይገባል፤ ጉማሬው ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለበትም።

የመመለሻው ሰዓት እሑድ ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ክፍል ማስረከብ ግዴታ በመሆኑ ዓርብ ማታ የጠፋው አልጋ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በዚያ ሰዓት እንግዳው መኪና ውስጥ ሆኖ ጥቁር ውኃን ሲያልፍ ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ ዓርብ ያላነሣው ሰው ነው፦ «ደውለህ ነበር እንዴ? አልጋ እንደሆን ሞልቷል፤ ስንት ልያዝልህ?»