ዝንጀሮ ሒሳብ አይችልም

የሒሳብ ባለሙያ በደለኝ የምትል ነጋዴ ሆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የሰውየውን ጥበብ አድንቅ። ለቡ መብራት ኃይል ከበቀሉት ፎቆች በአንዱ፣ ከጥርስ ክሊኒኩና ከውበት ሳሎኑ በላይ፣ ታፔላ ሰቅሎ በአንድ ማኅተም ሁለት ዓለም ሲፈጥር ይውላል። ያው ሱቅ፣ በዚያው ዓመት፣ ለገቢዎች በሚቀርበው ሒሳብ ከስሮ ያለቅሳል፤ ብድር ፍለጋ ባንክ በሚገባው ደግሞ ትርፉ ሞልቶ ይፈሳል። ፊርማው አንድ፣ ማኅተሙ አንድ።

ግብርህን ሳያሳውቅልህ የማሳወቂያው ቀን ጥቅምት 30 አልፎ ቅጣቱ አንተ ላይ ሲመጣ፣ ስልኩም ሲዘጋ፣ ለሙያ ማኅበሩ አቤት በል፤ ማን ከለከለህ? ደብዳቤህ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያገኛል። ቁጥር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥሎ ኮሚቴ ይቋቋማል። አባላቱ የተከሳሹ የሙያ ባልደረቦች ናቸው፤ ነገ እነሱ ሲከሰሱ ኮሚቴ የሚሆንላቸው እሱ ነው። «ዳኛው ዝንጀሮ፣ ፍርድ ቤቱ ገደል» ብሎ የሚተርትብህ አይጠፋም። አትስማው፤ ዝንጀሮ ሒሳብ አይችልም።

ከዚያ ማስረጃ አምጣ ትባላለህ። ደረሰኝህ፣ መዝገብህ፣ ውልህ ሁሉ ያለው ተከሳሹ መሳቢያ ውስጥ ነው። በትሕትና ሄደህ ተቀበለው። አጥብቀህ ከጠየቅህ ደግሞ «ሁለቱን ሒሳብ ያዘዘው ማን ነው?» ይሉሃል። እዚህ ላይ፣ እውነት ለመናገር፣ ሐሰት አልተናገሩም።

ሕግ የለም እንዳትል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 አለ፤ በእሱ መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ይሰጣል፣ መንጠቅም ይችላል። ቢሆንም የእንግሊዞቹን ዓይነት ፍርድ እንዳትመኝ። ካሪሊየን የተባለው የግንባታ ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ወደቀ፤ ኦዲተሩን ኬፒኤምጂን በ2023 ሃያ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅተው ምኑን ቸኮሉ ትል ይሆናል። ነውራቸው ሌላ ነው፦ ስሙን ከነጥፋቱ ለዓለም አነበቡት። የእኛ ኮሚቴ ግን ጨዋ ነው፤ «ጉዳዩ በሒደት ላይ ነው» ብሎ ሁለታችሁንም ከሐሜት ያድናችኋል።

ሽሙጡ ይብቃ። ቦርዱም የሙያ ማኅበራቱም ፈቃዱ የታገደውንና የተነጠቀውን ባለሙያ ስም፣ ከነምክንያቱ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጡ። ኮሚቴው ውስጥም ማኅተም የሌለው ሰው ያስቀምጡ። አንተም ሁለተኛውን ሒሳብ ማዘዝ ተው።