ለእንግዳ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥናችን ታመመ። ምስሉ አለ፣ ድምፁም አለ፤ ሪሞቱን ግን አልሰማም አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሪሞቱን በመዳፉ መታው፣ ቀጥሎ በጉልበቱ። ባትሪዎቹን አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ መለሳቸው። ወርዶ ከሱቅ አዲስ ባትሪ ገዛ። ኳሱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ቻናሉ የቱርክ ድራማ ላይ ሙጭጭ እንዳለ፣ ዲሽ የሚሠራውን ልጅ ጠራው።

ልጁ መጣና ቀጥታ ጣሪያ ላይ ወጣ። ምስሉ ደህና መሆኑን ነግረነዋል፤ ግን ዲሽ የሚሠራ ሰው ጣሪያ ሳይወጣ ሂሳብ መጠየቅ የሚከብደው ይመስለኛል። እሱ ከላይ "አሁንስ?" ይላል፤ ባለቤቴ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ነበረ! ሄደ! እሱን እሱን!" ይላል። መጨረሻ ላይ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከሶፋው ጀርባ ብቅ ብላ ሪሲቨሩ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ሪሞቱ ሠራ። ዳንቴሉ በግንባሩ ላይ ወርዶ ዓይኑን ሸፍኖት ኖሯል።

500 ብር ከፈልን። ኳሱ 2 ለ 0 ሆኖ ደረስንበት።

ዳንቴሉን ያለበሱት አማቴ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መጥተው ሁለት ሳምንት ሲቀመጡ ሪሲቨሩ ራቁቱን መዋሉ አንጀታቸውን በላውና፣ ከሻንጣቸው አንድ ነጭ ዳንቴል መዥረጥ አድርገው ከላዩ ጣል አደረጉበት። ቴሌቪዥኑን ለማልበስም ሞክረው ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ውፍረቱ ከእንጀራ አይበልጥም፤ ምንም ቢሞክሩ ዳንቴሉ ይንሸራተታል። "ይሄ ምን ዕቃ ነው፣ ትከሻ የለው!" ብለው ተዉት።

እኔ አልፈርድባቸውም። የእኛ አገር ቤት ውስጥ ዳንቴል ያልወጣበት ዕቃ ካለ ምጣድ ብቻ ነው። ዳንቴልም ሆነ ኪሮሽ ቃላቸው ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሆኖም ፈረንሳዮቹ ሬዲዮን እንደ ሙሽራ መሸፈን እንደሚገባ አስበው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ያ የእኛ ጭማሪ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዳንቴል መቼ እንደወጣበት የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፤ የእኔ ግምት በማግስቱ ነው።

ይህ ሁሉ ጌጥ ለማን እንደሆነ በልጅነቴ የጠየቅሁ እንደሆነ፣ እማዬ አንድ መልስ ነበራት፤ "ለእንግዳ ነው።" አዲሱ አንሶላ ለእንግዳ ነው። ጥሩው ፎጣ ለእንግዳ ነው። ሶፋው ላይ የሚደረበው ልብስ ለእንግዳ ነው፤ ከላዩ ላይ የሚደረበው ሌላ ልብስ ደግሞ የመጀመሪያውን ከእኛ ለመጠበቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቡፌው። በዕቁብ ብር መርካቶ የተገዛ አንድ ደርዘን ብርጭቆ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ከመስታወቱ ጀርባ አፉን ደፍቶ ይኖር ነበር። ቁልፉ እማዬ መቀነት ላይ ነው። አባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ደርዘን ፊት ለፊት እያየ ውኃ በብረት ኩባያ ጠጣ። አንዴ ብቻ፣ የሰኔ ፆም ሊገባ አካባቢ፣ "እኔስ ለራሴ እንግዳ አልሆንም?" ሲል ሰምቼዋለሁ። እማዬ አልመለሰችለትም። ብርጭቆዎቹን ግን ወልውላ መልሳ ቆለፈች።

ከዚያ የእኔ ሽማግሌዎች መጡ።

ሦስት ናቸው፤ እሑድ ከሰዓት። እማዬ ለሦስት ሳምንት አልተኛችም። መጋረጃው ታጥቦ ተተኮሰ፣ የፕላስቲክ አበባዎቹ ተራገፉ፣ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው "ተቀመጡ" ሲባሉ "ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም" አሉ፤ እንደ ወጉ ተለመኑ፤ እንደ ወጉ ተቀመጡ። እኔ ጓዳ በር ላይ ጆሮዬን ተክዬ ቆሜያለሁ። እማዬ እያረፈች፣ እየተጎማለለች ወደ ቡፌው ሄደች። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ሰዓት ነው። እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች።

ቁልፉ የለም።

ጓዳ ገብታ "ቁልፉ!" አለችኝ፤ ቃሉን በድምፅ ሳይሆን በዓይኗ ነው ያለችው። ትራስ ሥር ፈለግን፣ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ፈለግን፣ ከዳዊቱ ገጾች መሃል ፈለግን። ወንድሜ መስታወቱን በቢላዋ እናንሳው ብሎ በጥፊ ሊመታ ምንም አልቀረውም። ሳሎን ውስጥ ዝምታው እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ ለስላሳው በተገኘው ዕቃ ቀረበ። አንዱ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆ ደረሳቸው፤ ሁለተኛው፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ። ሦስተኛው፣ ዋናው ተናጋሪ፣ ባለ ነጭ ጋቢው፣ የታናሽ ወንድሜ የፕላስቲክ ኩባያ ደረሳቸው፤ ሚኪ ማውስ እጁን እያወዛወዘ የሚስቅበት። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሚኪ ማውስን ወደ ታዳሚው አዙረው፣ ስለ እኔ ጨዋነትና ስለ ልጃቸው ቅን ልቡና ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን አረጠቡና ቡፌውን እያዩ፣ "ብርጭቆዎቹ ግን ያምራሉ" አሉ።

አባዬ ይህን ሃያ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል መሰለኝ። "አዎ፣" አለ ረጋ ብሎ፣ "ለእንግዳ ናቸው።"

ቁልፉ የተገኘው ለፋሲካ የፕላስቲክ ጽጌረዳዎቹን ሳፋ ውስጥ በኦሞ ስናጥብ ነው፤ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር ኪል ብሎ ወረደ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ጠዋት፣ በግርግሩ እንዳይጠፋ ብላ፣ ራሷ እማዬ ነበረች የደበቀችው።

እኔ እንግዲህ ያን ቀን ማልኩ። ቤት ሲኖረኝ ቡፌ አይኖርም፣ ቁልፍ አይኖርም፣ ዳንቴል የሚባል ነገር በሬን አያልፍም አልኩ። የአማቴ ዳንቴል ካልተቆጠረ መሐላዬን ጠብቄአለሁ። የምንኖርበት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡፌ የለም። ትራስ ነው ያለው።

ሶፋው ዘጠኝ ትራስ አለው። ባለቤቴ መቀመጥ ሲፈልግ አምስቱን ያነሳል፤ ያነሳቸውን የት እንደሚያኖር ስለማያውቅ አቅፏቸው ይቀመጣል። ቤታችን ለመጣ ሰው አባወራው ምጥ የያዘው ይመስላል። ስለ ቀለም አይገባውም። ሰናፍጭ ያልኩትን "ቢጫው" ይለዋል፤ እሱ የሚያውቀው አራት ቀለም ነው፣ አራተኛው "ሌላው" ይባላል።

ከዚያ ነጩ ምንጣፍ መጣ። ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው ያዘዝኩት፤ ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግረው ግማሹን ነገርኩት፤ ይህን ካነበበ ሙሉውን እነግረዋለሁ። ፀጉሩ ጣትን ይውጣል፣ እንደ ደመና ነው። ልጆቹ እንዳይረግጡት በጠርዙ ዞረው ማለፍ ለመዱ፤ አሁን ሌላ ሰው ቤት ሲሄዱም ምንጣፍ ሲያዩ በግድግዳ ጥግ ጥግ ይሄዳሉ።

አማቴ ያን ጊዜ ሲመጡ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት፤ ነጭ ፀጉር በእጃቸው ቀረ። ወደ ብርሃን ይዘውት አገላብጠው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይሄ አጎዛ በደንብ አልለፋም" አሉኝ። አጎዛ አለመሆኑን ነገርኳቸው። "ታዲያ የምንድን ነው?" የፕላስቲክ ዓይነት ነገር ነው አልኩ። ባላየ ሊያልፉኝ ሞከሩ፤ ግን ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። በማግስቱ እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ሙሉ የቡና ሥነ ሥርዓት አሰናድተው፣ ረከቦቱን ደመናው መሃል ተክለው፣ ዙሪያውን እርጥብ ቄጤማ ጎዝጉዘውበት ጠበቁኝ። ፈንዲሻውም ተበትኗል። ነጭ ነገር ነጭ ውስጥ ሲገባ ጨርሶ እንደማይወጣ ያን ጊዜ ነው የተማርኩት፤ ዛሬም ድረስ እየለቀምኩ ነው። የቄጤማው አረንጓዴ ደግሞ እስካሁን አለ። ቅርፁ ጣና ሐይቅን ይመስላል፤ ከላዩ ትራስ አስቀምጬበታለሁ። ስለዚህ ዘጠነኛው ትራስ ሥራ አለው ማለት ነው።

የሰፌዶቹ ነገር ግን የባሰ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ሐረር ነው። ለሥራ ሄጄ አንድ የጥንት የጀጎል ቤት ገብቼ፣ ያ ከፍና ዝቅ ያለው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ ከላዩም ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለው ባለ ቀለም ስፌትና ሳህን ልቤን ወሰደው። እዚያ ስፌቱ ለሠርግ ለድግሱ እየወረደ ሠርቶ የሚመለስ መሆኑን ልብ አላልኩም፤ እኔ ያየሁት ተሰቅሎ ነው። አዲስ አበባ ስመለስ ሰባት ሰፌድ ገዛሁ። አከራያችን ግድግዳው ላይ ሚስማር እንዳንመታ ስላስጠነቀቁን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ ወደቀና ሳሎኑን ዞሮ፣ በኮሪደሩ ተንከባሎ፣ መኝታ ቤታችን በር ላይ ድው ብሎ ተኛ። ባለቤቴ ሌባ ነው ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ወጣ። አክርማና ስንደዶ ሆኖ ሲያገኘው ተመልሶ ተኛ፤ ጠዋት ግን ሰላም አላለኝም።

አማቴ ሰባቱን በተራ አዩአቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ። "ምን በድለው ነው የተሰቀሉት?" አሉ።

ጌጥ ነው አልኳቸው። "እ..." አሉ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ግድግዳዬ ላይ ስድስት ሰፌድና አንድ ክብ ባዶ ቦታ አየሁ። እሳቸው ኩሽና በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የእኔን ባለ ወይን ጠጅ አበባ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ያበጥራሉ። እብቁ ፀሐዩ ውስጥ ይበናል። እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ ብታዩ፤ ወደ ላይ ቸፍ፣ ወደ ጎን ነቅነቅ፣ ጠጠሩ ራሱ ተለይቶ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። እውነቱን ልናገር፣ ግድግዳው ላይ ያን ያህል አምሮ አያውቅም። ዘወር ብለው አይተውኝ፣ "ሰባት ሰፌድ እያለ ምስር በትሪ ይለቀማል?" አሉኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ከእማዬ የምሻል እየመሰለኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን የልጄ አስተማሪ አስጠራችኝ። ክፍል ውስጥ "ቤታችሁ ስንት ክፍል አለው?" ተብለው ተጠይቀው፣ የእኔዋ እጇን አውጥታ "ሦስት። ሁለቱ የእኛ ነው፣ አንዱ የእንግዳ ነው" ብላለች። አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት፣ "ፔንሲዮን አላችሁ እንዴ?" አለችኝ።

ለመሳቅ ሞከርኩ። ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴና ልጆቹ ሦስቱም መኝታ ቤት አልጋ ላይ ተደርድረው፣ በስልክ ኳስ እያዩ፣ ከአንድ ሳህን ቆሎ ይበሉ ነበር። ሳሎኑ ባዶ ነው። ያምራል። ዘጠኙም ትራስ በቦታው አለ።

ከቴሌቪዥኑ ሕመም ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ የበሩ ደወል ጮኸ። ከፈትኩ። ሚጣዬ ናት። ነጠላዬን ተከናንባ፣ ታኮ ጫማዬን አጥልቃ፣ የእጅ ቦርሳዬን ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች።

"እንደምን ዋላችሁ?" አለች፤ ጎንበስ ብላ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈልገሽ ነው?"

"እንግዳ ነኝ።"

ምን ይባላል። አስገባኋት። ጫማውን በር ላይ አውልቃ፣ ምንጣፉን ረግጣ አልፋ፣ ሶፋው መሃል ተቀመጠች፤ ሁለት ትራስ አነሳች። ከመደርደሪያው ላይ ያሉትን ባለ ወርቅ ጠርዝ ስድስት ብርጭቆዎች በአገጯ እየጠቆመች ጁስ በዚያ እንዲሆንላት ጠየቀች። "አይ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ጀምሬ አቆምኩ፤ የምጨርሰው ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። ብርጭቆውን አወረድኩ። ዋጋው ሥሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። አጥቤ፣ ቀድቼ፣ በትሪ አቀረብኩ። እሷም "ደከማችሁ" አለች።

ጁሱ ግማሽ ሳይደርስ ደወሉ እንደገና ጮኸ።

ባለቤቴ ነው። ኮት ለብሷል፤ ከሠርጋችን ወዲህ ያላየሁትን ከረባት አስሯል። በአንድ እጁ በፌስታል ሙዝ ይዟል። ከኋላው ታናሹ ልጃችን የአባቱን ኮፍያ እስከ አፍንጫው አጥልቆ ቆሟል።

"ቤቶች፣" አለ ባለቤቴ፣ ሙዙን በሁለት እጁ እየዘረጋልኝ፣ "መንገዳችን በዚህ ሆነና... አስቸገርናችሁ?"

"ምን ችግር አለው፣ ግቡ" አልኩ። "ጫማዎን ግን እዚህ ያውልቁልኝ።"