ተሳፍሮ እዚያው መውረድ

ነቀምቴ ውስጥ ወሬ የሚነሣው ከመናኸሪያ ነው ወይም ከቡና ላይ። ሮለር ኮስተር ሊመጣልን ነው የሚለው ወሬ ከየትኛው እንደተነሣ ግን እስካሁን አልተጣራም። ስለ ኮሪደር ልማት ሲወራ አንዱ «መናፈሻም ሳይኖረው አይቀርም» አለ። ሌላው አዲስ አበባን ጠቀሰ፤ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ በ2013 ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ከነዚፕላይኑ ተከፍቶ የለም ወይ፣ እኛ ከማን እናንሳለን አለ። ወሬው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሐዲድ ተነጥፎለት፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ ተዘቅዝቆ መውረድ ጀምሮ ነበር። ፕላኑን ያየ የለም፤ የፈረመም የለም። ይሁን እንጂ እኛ በወሬ ጥራት የምንታማ ሰዎች አይደለንም። በ2012 የወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ከጊምቢ የተነሣ ወሬ የዶልፊን ጋቢና ይዞ፣ አንድም ሳይሸራረፍ ነቀምቴ ይገባ ነበር። ያ ልምድ ላይ ኔትወርክ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ ተቃውሞ ያሰማው ሁልጊዜ የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ ነው። ነገሩ ሰው እንደሚጭን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ማኅበር ገብቷል?»

«ገና አልተሠራም እኮ!»

«ቢሆንም። ስምሪቱ ከየት ወዴት ነው?»

«ከተነሣበት ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል።»

ይኼን ጊዜ ሞተሩን አጠፋ። ባለባጃጅ ሰው ጭኖ ሞተር ካጠፋ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «ታሪፉ በምን ይሠራለታል ታዲያ? በኪሎ ሜትር እንዳንል የትም አልሄደም። የትም ላልሄደ መኪና ማን ነው ሒሳብ የሚከፍል?»

የአባቴ እህት አዳዳ ይህንኑ ጥያቄ ከእርሱ ቀድመው፣ ያውም አሜሪካ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። ልጃቸውን ሊያርሱ ሚኒሶታ ሄደው ነበር። (ወለጋ ውስጥ ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ሰው ስለ ውጭ አገር ሲወራ አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ይጠጣል።) አራስ ቤት መቀመጥ ሰለቸዎት ተብለው ሻኮፒ የምትባል ከተማ፣ ቫሊፌር ወደሚሉት መዝናኛ ወሰዷቸው። እዚያ ዋይልድ ቲንግ የሚባል ሮለር ኮስተር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ ነው፣ ከፍታው 63 ሜትር ገደማ ይሆናል። አዳዳ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታዘቡ። ሰው ተሰለፈ፣ ገባ፣ ታሰረ፣ ሽቅብ ተጎተተ፣ ተለቀቀ፣ ጮኸ፣ ተመለሰ። ጩኸቱ አላስደነገጣቸውም፤ ቤተሰባችን ለቅሶ ያውቃል። አንጀታቸውን የበላው ሌላ ነው።

«ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቀው፣ እንደዚያ አስለቅሷቸው፣ የትም ሳያደርሳቸው እዚያው አራገፋቸው» ይላሉ ዛሬም ድረስ። «ሹፌሩን አንድ ሰው እንኳ ክፉ አልተናገረውም!»

ሹፌር የለውም ብንላቸው ባሰባቸው።

እውነተኛው ደጋፊ የእህቴ ልጅ ነው። ሮለር ኮስተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ በስልኩ ግን ያልተሳፈረበት የለም። አቡ ዳቢ ያለው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር እንደሚበር፣ ሪያድ አጠገብ ቂድያ የተሠራው ፋልከንስ ፍላይት ደግሞ 195 ሜትር ላይ ወጥቶ በ250 እንደሚወረወር ከትምህርቱ በተሻለ ይዞታል። ወሬውን የሰማ ዕለት «እሱማ፣ ከፍታው ስንት ነው?» ብሎ ስልክ የደወለልኝ እርሱ ብቻ ነው። ሌላው ሕዝብ የጠየቀኝ መሬቱ የማን እንደሆነ ነው።

ከእርሱ እንደተማርኩት አሜሪካ ውስጥ የሮለር ኮስተር ደጋፊዎች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበር አላቸው። አዲስ ነገር ሊመጣ ነው የተባለ እንደሆነ የግንባታ ፈቃድ ያገላብጣሉ፤ መሬት ላይ የተቀባ የቀለም ምልክት ካዩ ፎቶ አንሥተው «ይኸው መጣልን!» እያሉ ይጨፍራሉ። እኛ ዘንድ ቀይ ቀለም ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ የተቀበለ ሰፈር አላውቅም።

ለቅሷቸውም ትልቅ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ኪንግዳ ካ የሚባል 139 ሜትር ከፍታ የነበረው ሮለር ኮስተር ነበር፤ በቁመት ለዓመታት የሚያክለው አልነበረም። ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ባለቤቶቹ እውነት መሆኑን ያመኑት ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ጭኖ ከተዘጋ በኋላ ነው። በየካቲት 2025 በፈንጂ ደረመሱት። ደጋፊው መፍረሱ ካናደደው ይልቅ መሰናበቻ መከልከሉ አንገበገበው፤ መርዶውን ያረዱን ከቀበሩት በኋላ ነው ብሎ አኮረፈ። የእህቴ ልጅም ቪዲዮውን አየና ራቱን ሳይበላ ተኛ። እናቱ ማን ሞቶበት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ብረት ነው አልኳት።

እኔ ግን 139 ሜትር ሲለኝ ብዙም አልተገረምኩም። ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትርን አልፋ ተቀምጣለች፤ ዴዴሳ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከ700 ሜትር በላይ ወርደናል። በኪንግዳ ካ ብናሰላው አምስት እጥፍ ነው። ተሻግረን ደግሞ ወደ ጊምቢ ሽቅብ እንያያዘዋለን። ይህን አልጋ ላይ ተኝቶ በስልክ ለሚሳፈር ልጅ ማስረዳት ይከብዳል።

ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሹፌሩ የዘፈኑን ፍላሽ ነቅሎ መዝሙር ይከታል። ያኔ ያላወቀ ያውቃል። እስከዚያ ድረስ መልስ ስጠኝ፣ አልሰጥም እያለ ሲጨቃጨቅ የነበረው ረዳት ጸጥ ይላል። መሐል ላይ በርጩማ ተሰጥቶት የተቀመጠው ትርፍ ሰው በየመጠምዘዣው አንዴ የግራውን፣ አንዴ የቀኙን ተሳፋሪ ጉልበት ያቅፋል፤ ሲነሣ ባዕድ የነበረው ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዘመድ ሆኗል። ጆሮ ይደፈናል። ቆላው በመስኮት ትኩስ ትንፋሹን ይልካል። አንዷ ሎሚ ታሸታለች፣ አንዱ ፌስታል ይለምናል፣ ከፍሬኑ የሚመጣውን የመቃጠል ሽታ ሁሉም ይሰማዋል፣ ማንም አያነሣውም። የደኅንነት ቀበቶ አለ፤ ወንበሩ ሥር ታጥፎ ትራፊክ እስኪታይ ይጠብቃል። በውጭ አገሩ ሮለር ኮስተር ሰው ቁልቁለቱ ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል አሉ። እኛም እናነሣለን፤ ለምን እንደሆነ ግን ከላይ ያለው ያውቃል።

ለዚህ ሁሉ የምንከፍለው የታሪፍ ዋጋ ነው። ጊምቢ ስንወርድም ፎቶ አንሥቶ የሚሸጥልን የለም።

ወደ ተቃውሞው ስንመለስ፣ የሰፈራችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ያነሡት ተቃውሞ የተለየ ነበር። ወጣቱን ከጸሎት ቤት የሚያስቀር የሰይጣን ጋሪ ነው አሉ። ኮኒ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1884 የዚህን ነገር አባት የሠራው ላማርከስ ቶምፕሰን የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደነበረና የፈለገውም ሕዝቡን ከመጠጥ ቤት ማውጣት እንደሆነ ይነገርለታል ብዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። አሠራሩንም አስረዳኋቸው፦ ቶምፕሰን 5 ሳንቲም ተቀብሎ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬድ ነበር። መጨረሻው ላይ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ሠራተኞቹ ጋሪውን ገፍተው ወደ መመለሻው ሐዲድ ያወጡታል፣ ከዚያ ተሳፍሮ ይመለሳል።

«ወርዶ? እየተገፋ?» አሉ ሽማግሌው። «ይሄማ የክረምት የነጆ መንገድ ነው! እኛ ስንት ዘመን ስንገፋ ኖረናል፣ ማን የፈጠራ ሰው አለን?»

ከዚያ ወዲህ ተቃውሟቸውን ያነሡ ይመስለኛል። ቢያንስ ሰይጣን የሚለውን ትተውታል።

እኔ ራሴ ይምጣ ባይ ነኝ። ምክንያቴ እንደ እህቴ ልጅ ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነት ሞልቶናል። አዳዳ ያልወደዱት ነገር ነው እኔን የሚያጓጓኝ፤ እዚያው መመለሱ። ባለፉት ዓመታት ከዚህ ተነሥቶ አንድ ከተማ መሄድ ማለት መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ስድስት ዘመድ ጋ መደወል፣ ማለዳ ተነሥቶ ደግሞ ሌሎቹ ጋ መደወል፣ ከዚያም ይቅርብኝ ማለት ሆኖ ነበር። ፈርቶ የወጣ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። አሁን አንድ ፍርሃት አለ፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ማለዳ ማለዳ ብሎኑን የሚፈትሽ ባለሙያ ተቀጥሮለታል፣ ሲያልቅም የለቀቅኸው ቦታ ጫማህን ያስረክብሃል ቢሉኝ እንዴት አልሰለፍም? ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለመፍራቱ አይመስለኝም። ማለቂያው ለተነገረው ፍርሃት ነው። እንዲህ ያለውን እኛ እስካሁን በነጻም አላገኘነውም።

ይህን ለባለባጃጁ ብነግረው በግማሽ ልቡ ተቀበለኝ። ማኅበር ይግባ የሚለውን ግን አልተወም።

ነጋዴው ደግሞ ቀድሞናል። መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው አዴ ቦታ ማፈላለግ ጀምረዋል። ከሮለር ኮስተሩ መውረጃ ፊት ለፊት አንጮቴ ሊሸጡ ነው። አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል መባሉን ወለጋ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ደንበኛው በእግሩ ይመጣል፣ እግሩ እምቢ ካለውም ጎረቤት ነን ይላሉ። ጩምቦም ይጨምሩ ብላቸው ሣቁብኝ። «አብደሃል? ያን ሁሉ ቅቤ በልቶ ያንን ነገር የሚሳፈር ሰው ማን ሊጠርግለት ነው?» የዚህን ያህል አርቆ ያሰበ የአዋጭነት ጥናት አላየሁም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ደላላው ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ቦታ አለች፣ 200 ካሬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት። ሮለር ኮስተሩን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት።»

«በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«ከቤቱ በስተኋላ።»

«ማን ነገረህ? ፕላን አለ እንዴ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ፕላኑን ከምንጠብቅ እርስዎ በየት በኩል ቢያልፍ ይመርጣሉ?»