ላፕቶፕና ሞኒተር ማስታረቅ

«ሰኔና ሰኞ» የሚባለውን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ የገበሬ ጭንቀት አድርጌ ነበር የማየው። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ዘር አልዘራ፣ ዝናብ አልጠብቅ። ግን ወሩ ሰኔ ነበር፣ ቀኑም ሰኞ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብቼ ላፕቶፔን ከሞኒተሯ ጋር ባገናኘው «አላውቃትም» አለኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው «ታዲያ በላፕቶፑ ብቻ አትሠራም?» ይላል። ብለውኛልም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የባንክ ማስታረቂያ የሚሠራ ሰው ደግሞ በአንድ ዓይኑ የባንኩን መግለጫ፣ በሌላው የራሱን መዝገብ እያየ ነው የሚሠራው። ባለ 14 ኢንች ስክሪን ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ከከፈትክ ፊደሉ ጤፍ ያክላል። አንዱን ብቻ ከከፈትክ ቁጥሩን በቃልህ ይዘህ ወደ ሌላው ስትሻገር መንገድ ላይ 8ቱ 3 ይሆናል። ይቺ አሮጌ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ለእኔ ቅንጦት አይደለችም፤ መነጽሬ ነች።

አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ዐርብ ትሠራ የነበረ መሆኑ ነው። ምንም የተነካ ነገር የለም አልኩ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ፈልግ» የሚለውን ስጫን ላፕቶፑ «ሌላ ስክሪን አላገኘሁም» ይላል። ሞኒተሯ በበኩሏ ጥቁር ፊቷ ላይ «ሲግናል የለም» የምትል ትንሽ ሳጥን ታንሸራሽራለች፤ ሳጥኗ ከጥግ ጥግ ስትዞር ትቆይና ይደክማታል መሰለኝ ትተኛለች። ሁለቱም አይዋሹም። ሁለቱም ግን «ከኔ አይደለም» ነው የሚሉት። መሐል ላይ ያለው ገመድ አፍ የለው። በሥራዬ ስንት እምቢ ያለ ሒሳብ አስታርቄያለሁ፤ የማይታረቀው ሒሳብ እንኳን ቢያንስ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ይነግርሃል። 4,350 ብር ጎደለ ይላል፣ አንተም 4,350 ብር የሚል ወረቀት ፍለጋ ትገባለህ። እነዚህ ግን «እዚህ ድረስ መጣሁ፣ እዚህ ጋ ቆምኩ» ማለት አያውቁም።

ሰው አልጠራሁም፤ ራሱ ተሰበሰበ። የተበላሸ መኪናና የታመመ ኮምፒውተር ያለበት ቦታ ጠያቂ አይጠፋም። ከማዶ ጠረጴዛ ያለው ባልደረባዬ «ሪስታርት አድርገው» አለኝ። አድርጌዋለሁ አልኩት። «በደንብ አድርገው» አለኝ። በደንብ ሪስታርት ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ገንዘብ ያዧ ገመዱን ነቅላ ጫፉን እፍ እፍ አለችበት። ሌላው ደግሞ ገመዱን አንገቱ ላይ ያዘና ወደ ቀኝ ጎንበስ አድርጎ «አሁንስ?» አለ። ወደ ግራ አዘነበለና «አሁንስ?» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል አሁንስ ስንባባል ቆየን።

ስለ ሞኒተሯ ቁልፎች ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ሞኒተሯ ሁለት መግቢያ አላት፣ ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ። ምናልባት ዓይኗ በቪጂኤው በኩል ይሆናል የተከፈተው ብለን ለመቀየር ፈለግን። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ነገሩ እሱ ሆኖ ያገኘዋል። ግን ቁልፎቹን አገጯ ሥር ነው የደበቋቸው። አምስት ናቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አይታዩም። ጎንበስ ብለህ በጣትህ እየዳበስክ ስትጫን መጀመሪያ ብርሃኗ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ቋንቋዋ ይቀየራል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ያጠፋታል። ስትነሳ «ሲግናል የለም» የምትለውን በማናውቀው ቋንቋ መጻፍ ጀመረች። ምን እንዳለች ግን ገብቶናል።

የአይቲው ልጅ ከምሳ በኋላ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጋሼ ይለኛል። የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር ሲጫን አራት ምርጫ ወጣ፤ ላፕቶፑ ላይ ብቻ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱም ላይ ተዘርግቶ፣ ሌላኛው ላይ ብቻ። ዐርብ ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተር ከነካ ላፕቶፕ አንዳንዴ ምርጫው እንዳለ ይቀርና እንዲህ ያደርጋል አለ። መረጥን፣ አልሆነም። ቀጥሎ ያችኑ ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከ«ቢ» ጋር አንድ ላይ ተጫነ። አራት ጣት ይፈልጋል፣ ክራር የሚመታ ነው የሚመስለው። ስክሪኑ ለዓይን ጥቅሻ ጨለመና ጢጥ ብሎ ተመለሰ። የግራፊክስ ድራይቨሩን መቀስቀሻ ነው አሉ። ከዚያ ሞኒተሯን ከነአካቴው ከሶኬት ነቅሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተዋት። አልሆነም።

ልጁ ወደ ኋላ ቀና አለና የፈራሁትን ቃል ተናገረ። «ጋሼ፣ ፎርማት ሳያስፈልገው አይቀርም።»

እዚህ አገር ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም። ኪቦርድ ቡና ቢፈስበት ፎርማት። ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት። ድሮ ለሁሉም ሕመም አንድ ዓይነት መርፌ የሚወጉ ድሬሰሮች ነበሩ፤ መርፌውን ጥለው ላፕቶፕ ጥገና ገብተው ይሆናል። ሰኔ 30 ሊደርስ ቀን እየቆጠርኩ የዓመት ሒሳቤን ከነፎርሙላው አስረክቤ ባዶ ማሽን ልቀበል? እንቢ አልኩ። አክብሮት ባለው አማርኛ ነው እንቢ ያልኩት፣ ግን እንቢ ነው።

ወጥቼ አዲስ ገመድ ገዛሁ። ነጋዴው ምንም ሳልጠይቀው «ኦርጅናል ነው» አለኝ፤ ቻይና ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ገመዱም እንደ አሮጌው ሆነ። ቨርጂኒያ ላለው የእህቴ ልጅ ማታ በስልክ ብነግረው «ታዲያ መልሰዋ!» አለኝ በቅንነት። ደረሰኙን አወጣሁና ከታች የታተመችውን አነበብኩለት፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አገሩን ለቆ ብዙ ቆይቷል።

እሱ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ላፕቶፑ የቱ ጎን ላይ ነው የሰካኸው?»

ጥያቄው መጀመሪያ የሞኝ መሰለኝ። መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ የሰጠኝ ይኼ አዲስ ላፕቶፕ ቅጥነቱ ሌላ ነው፤ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የለውም። ያሉት ሁለት ትንንሽ ሞላላ ቀዳዳዎች ናቸው፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ታይፕ ሲ የሚባሉት። ኮንቨርተር ገዝቼ በእሱ በኩል ነበር ሞኒተሯን የማገናኘው። ሁለቱ ቀዳዳዎች መንታ ናቸው። ቻርጀሩ በሁለቱም ይሠራል፣ ፍላሽም በሁለቱም ይነበባል። ሰው ሁለቱን አንድ ናቸው ቢል ምን ይፈረድበታል?

አንድ አይደሉም። አንደኛው ምስል ያሳልፋል፣ ሌላኛው አያሳልፍም። ልጁ በስልክ እያስረዳኝ የእጅ ስልኬን መብራት አብርቼ ላፕቶፑን በጎኑ አቆምኩት። ከግራው ቀዳዳ አጠገብ የመብረቅ ምልክት አለች፣ የአሸዋ ቅንጣት ታክላለች፣ ግራጫ ላይ በግራጫ የተጻፈች። ከቀኙ አጠገብ ሌላ ምልክት አለ፣ ሹካ የመሰለ። መብረቋ ያለችበት ምስልም ያሳልፋል፤ ሹካው ፋይልና ኤሌክትሪክ ብቻ። ያቺን ምልክት ለማየት ሌላ መነጽር ያስፈልጋል፤ መነጽሬ ደግሞ ሞኒተሯ ነበረች።

እንግዲህ ዐርብ ዕለት ምንም አልተነካም ያልኩት ሰውዬ ስብሰባ አዳራሽ ሄጄ ነበር። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ስብሰባ። ሠላሳ ሰው ተቀምጦ፣ ሻይ ቀዝቅዞ፣ አቅራቢው ፕሮጀክተሩ ሥር ተንበርክኮ፣ ከኋላ «ኮምፒውተር የሚችል ሰው የለም?» የሚል ድምፅ። «የኔ ላፕቶፕ አዲስ ነው» ብዬ ነቅዬ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ስመለስ ቻርጀሩን በግራ ሰካሁ፣ ኮንቨርተሩን በቀኝ። ቀኑን ሙሉ ያ ሁሉ ሰው ያንን ገመድ ሲነቅል፣ ሲሰካ፣ እፍ እፍ ሲልበት፣ ቻርጀሩ ስላለባት የግራዋን ማንም አልነካትም።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ላፕቶፑ ቤት ነበር፣ ሞኒተሯ ቢሮ። ጋደም ብዬ በአሮጌው ቪጂኤ ጊዜ ነበር የምቆጨው። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ 15 መርፌ ያለው፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚታሰር። አስቀያሚ ነበር። አንዷ መርፌ ከታጠፈች ስክሪኑ ወደ ሐምራዊ ይሄድ ነበር፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ታቀናታለህ። ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ የሱ ነበር። ከተሰካ ምስል ነው፣ ምስል ከሌለ የተበላሸ ነገር አለ፣ አበቃ።

ኤችዲኤምአይም ቢሆን አይታማም። 19 መርፌ አለው። አስራ ዘጠነኛዋ ሥራዋ በር ማንኳኳት ነው፤ «ሰው መጥቷል» ትላለች። ከዚያ በሌሎቹ በኩል ሞኒተሯ ራሷን ታስተዋውቃለች፣ ማን እንደሠራት፣ በስንተኛው ዓመት፣ ስፋቷ ስንት፣ ስንት ነጥብ ማሳየት እንደምትችል። 128 ባይት ይበቃታል፤ ከአንድ አጭር የስልክ መልእክት አይበልጥም። ያ ሰላምታ ካልደረሰ ላፕቶፑ ፊቱ የተቀመጠችውን ሞኒተር አላይም ይላል። ባህሉ የኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰላም ያላለውን ሰው አላየሁትም እንላለን።

ታይፕ ሲ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲመጣ 24 መርፌ ይዞ መጣ፤ ፊትና ጀርባ የለውም፣ እንዴትም ብትሰካው ይገባል። አንድ ገመድ ለሁሉም ተባለ። አንድ የሆነው ግን ቅርፁ ነው። ከውስጥ የሚሄደውን እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደ መርጦ ያስገባል፣ እንደፈለገም ይተዋል። ገመዱም እንደዚያው፤ ስልክ የሚቻርጅ ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል ያሳልፋል ብሎ የገዛ ሰው ካለ እግዜር ያጽናው። አምስት ዓይነት ቁልፍ ሠርተህ አምስቱንም አንድ አስመስለህ ስታበቃ ይኼን «ቀለል አደረግንልህ» ማለት ምን ይሉታል?

ያናደደኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ገና ስሰካው፣ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ አንዲት ጽሑፍ ብቅ ብላ ነበር። «የስክሪኑ ግንኙነት የተገደበ ሊሆን ይችላል» ዓይነት ነገር። ሳልጨርሳት ጠፋች። ሊሆን ይችላል! ማሽኑ ያውቅ ነበር ማለት ነው። «ጋሼ፣ በግራ በኩል ሰካው» ለማለት ምን ነበረበት?

ማክሰኞ ጠዋት ቻርጀሩን ወደ ቀኝ፣ ኮንቨርተሩን ወደ ግራ። ሞኒተሯ ወዲያው በራች፣ በማናውቀው ቋንቋ። ገንዘብ ያዧ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና በግራዋ ቀዳዳ ጎን አንድ ነጠብጣብ አደረገችልኝ፤ ከመብረቋ አሥር እጥፍ ትልቅ ነው። የአይቲው ልጅ አይቶ ሳቀ። ፎርማቱን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ሐሙስ ከምሳ ስመለስ ሞኒተሯ ጨልማለች፤ ሳጥኗ ከጥግ ጥግ ትዞራለች። ኮንቨርተሩ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በቀይዋ ቀዳዳ ላይ የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገ ነው። «በደንብ አድርገው» ያለኝ ባልደረባዬ ከማዶ ጠረጴዛ ቀና አለና፣ «ምልክት ስላለባት ፈጣኗ መስላኝ ነው» አለኝ።