አስትሮፊዚክስን በራስ ጥረት አጥንቶ ምንም ላለማወቅ

አቃቂ ቃሊቲ ተቀምጦ አስትሮፊዚክስን ያለ አስተማሪ ለማጥናት የተነሣ፣ ነገር ግን ከዓመት በኋላም ከቆመበት ፈቀቅ ማለት የማይፈልግ ሰው ከመጨረሻው ይጀምር። አልጀብራን፣ ትሪጎኖሜትሪንና ካልኩለስን ለፈተና ብቻ እንደተፈጠሩ ይቁጠራቸው፤ ስለ ብላክ ሆልና ስለ ቢግ ባንግ የሚተርኩ ቪዲዮዎችን ግን ማታ ማታ ይከታተል። ቀመር ብቅ ሲል ያሳልፈው። ይህ መንገድ ለመክሸፍ አስተማማኝ የሆነው ትረካ አድማጩን መልሶ ስለማይጠይቅ ነው። ስለ ስበት አንድ ሰዓት ያዳመጠ ሰው ስበት የገባው ይመስለዋል፤ አለመግባቱን የሚያውቀው አስልቶ ሲሳሳት ነው። የፀሐይን መጠነ ቁስ እንውሰድ። ቪዲዮ ተመልካቹ ቁጥሩን በቃሉ ይይዛል። ከምድር እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር፣ አንድ ዓመትም 31.6 ሚሊዮን ሰከንድ ያህል መሆኑን የሚያውቅና የኒውተንን የስበት ሕግ የተማረ ተማሪ ግን ቁጥሩን በአንድ ገጽ ላይ ራሱ ያወጣዋል፦ 2 ተጽፎ 30 ዜሮ የሚከተለው ኪሎግራም። ስለ ሌላ ኮከብና ስለምትዞረው ፕላኔት ሲጠየቁ የመጀመሪያው ዝም ይላል፤ ሁለተኛው እርሳሱን ያነሣል።

ይህ ካልበቃ ቴሌስኮፕ እስኪገኝ ሂሳቡን ያቆየው። ሰበቡ እውነትነት አለው፤ ባለ 1 ሜትር ሁለቱ ቴሌስኮፖች ያሉት እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከቃሊቲ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ይሁን እንጂ ኬፕለር የማርስ ምሕዋር ሞላላ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው ቲኮ ብራሄ ያለ ቴሌስኮፕ የለካቸውን ቁጥሮች ለዓመታት አስልቶ ነው። እዚሁ አቃቂም ባለ 1 ሜትር ዱላ ብዙ ያስተምራል። መጋቢት 11 ወይም 12፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ አጭሩን ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ ርዝመቱ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ታንጀንትን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል መሆኑን ያገኛል። ጥላው የሚያጥረው ደግሞ ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6፡30 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተቀመረው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አቃቂ ከ39 ዲግሪ በታች ነው፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚያዘገይ ልዩነቱ 25 ደቂቃ ይደርሳል። የተቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች የሚያመጣው የምድር ምሕዋር ሞላላነትና የዘንጓ ማዘንበል ነው። ሚያዝያ 5 አካባቢ ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። ምንም ላለማወቅ የቆረጠ ሰው ይህን ዱላ እንዳይተክል አጥብቄ እመክረዋለሁ።

በቀመር መጀመር ፍላጎትን ይገድላል የሚሉ አሉ። ቪዲዮ ልብን ማነሣሣቱ እውነት ነው፤ አልቃወምም። ፍላጎትን ይበልጥ የሚገድለው ግን ከሁለት ዓመት ትረካ በኋላ የመጀመሪያውን እውነተኛ መጽሐፍ ገልጦ አንድ መስመር ማንበብ አለመቻል ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ መሠረቱ ራሱ የለም የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች ካልኩለስ ተማሩ ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ እኔ ግን ጭካኔው ሂሳቡን ደብቆ ሳይንሱን ተማራችሁ ማለት ነው እላለሁ። ወደ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ አያሳፍርም፤ ለራሱ የሚያጠና ሰው የሚያስቸኩለው የለም። ከዚያ የሚቀጥሉት ኦፕንስታክስ የተባለው አሳታሚ ያዘጋጃቸው የካልኩለስና የፊዚክስ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ፤ ይከብዳሉ፣ እንግሊዝኛም ይጠይቃሉ። መካኒክስ፣ ሙቀት፣ ብርሃንና ኤሌክትሮማግኔቲዝም በተራ ሲመጡ፣ ጥያቄዎቹ መልሱ ሳይታይ በወረቀት ይሠሩ። ኮከብ ለምን እንደማይፈርስ የሚያስረዳው የመጀመሪያው ሕግ፣ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በየሜትሩ ስንት እንደሚቀንስ የሚናገር ዲፈረንሺያል እኩልታ ነው።